ከተራ ውጭ የሚለቀቅ ውኃ

አቶ ስንሻው ማረፋቸውን የነገረኝ የአውቶቡስ ረዳት ነው። ከመካነ ኢየሱስ የሚመጣው መኪና ከሱቄ በር ሲቆም ወረደና የአንዱን ነጋዴ ጆንያ እየጎተተ፣ "እኒያ ወደ አገራቸው የተመለሱት የድሮው የውኃ ኃላፊያችሁ ሞቱ እኮ፤ ባለፈው ሰሞን ተቀበሩ" አለኝ። ከዚያ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። የሰው መርዶ ከጆንያ ጋር ተጭኖ መምጣቱ ደስ አላለኝም፤ ግን ረዳቱን ምን ልለው? የስፌት መኪናዬን አቁሜ ሱቄን በጊዜ ዘጋሁ።

ማታ ለባለቤቴ ብነግራት አማተበችና "ነፍሳቸውን ይማር" አለች፤ ወዲያው ቀጥላ፣ "የነገው ተራ የእኛ ነው ወይስ የገበያ ሰፈር?" አለችኝ። ተቆጣኋት። ኋላ ሳስበው ግን ለእሳቸው ከዚህ የተሻለ የሕይወት ታሪክ የሚያነብላቸው አላገኘሁም።

ልጆቼ "ማን ናቸው?" አሉ። የምጽፈውም ለዚህ ነው። የዛሬ ልጅ የዓለሙን ወሬ በስልኩ ይዞ ይዞራል፤ የሚጠጣውን ውኃ ማን እንደሚልክለት ግን አያውቅም። እኔ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥሁ ልብስ ሰፊ ነኝ። መጻፍ የተማርሁት የደንበኛን ስም በጨርቅ ላይ ለማስፈር ስል፣ በራሴ ነው። አጻጻፌ ቢሻክር ታገሡኝ፤ ውሸት ግን አልጨምርበትም።

ከተማችን ከወገዳ ወዲህ፣ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ገደል ነው። ውኃው ከታች ነው፤ እኛ ከላይ። ከገደሉ ሥር የጎለበተው ምንጭ በሞተር እየተገፋ ወደ ታንከሩ ይወጣል፤ ከታንከሩ ደግሞ ለላይ ሰፈር፣ ለገበያ ሰፈርና ለታች ሰፈር በተራ ይለቀቃል። አቶ ስንሻው ከእስቴ ተመድበው ሲመጡ አካባቢውን ዞረው አዩና፣ "በውኃ ያልተከበበ ደሴት ላይ ነው የጣሉኝ" አሉ። ቀልድ መስሎን ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊታቸው ሁልጊዜ አሁን እንደታጠበ ሰው የጠራ ነበሩ። ውኃውን የሚለቁበት የቫልቩ መክፈቻ አናቱ ላይ የተጋደመ እጀታ ያለው ረጅም ብረት ነው፤ እሱን እንደ መቋሚያ እየተመረኮዙ ይሄዳሉ። መምሬ አንድ ቀን በመንገድ አስቆሟቸውና፣ "አቶ ስንሻው፣ ማኅሌቱን መቼ ይቆሙልናል?" አሏቸው።

"ታንከሩ ሲሞላ፣ አባቴ።"

"እንዲያማ ከሆነ ሳንሰማዎት መሞታችን ነው!"

ውኃ የሚለምናቸው ሁሉ የሚሰማው መልስ አንድ ነበር። "ውኃ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ እኔ የምሰጠው ተራ ነው" ይላሉ። ለባለሥልጣንም ለጠላ ሻጭም የሚናገሩት በዚያው ድምፅ ነው። ባለሥልጣኑ በዚህ ይቀየማል። ጠላ ሻጯም ትቀየማለች። ሁለቱን እኩል ማስቀየም ለአንድ የመንግሥት ሠራተኛ ቀላል ሥራ አይደለም።

እንደመጡ መጀመሪያ ያደረጉት የገበያውን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማስከፈት ነው። ይህ መጸዳጃ ቤት ሪባን ተቆርጦለት፣ ተጨብጭቦለት፣ ከዚያ ንጽሕናው እንዲጠበቅ ተብሎ ተቆልፎ ነበር። በእርግጥም ንጹሕ ነበር። ገበያተኛው ከጀርባው ካለው ቁጥቋጦ ሥር ይቀመጣል፤ ከፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ደግሞ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ነውር መሆኑ በቀይ ቀለም ተጽፏል። አቶ ስንሻው ጥበቃውን ጠርተው፣ "ክፈተው" አሉት።

"ጋሼ፣ ይቆሽሻል እኮ!"

"ይቆሽሻል። አንተ ታጸዳለህ፣ እኔ ውኃ እልክልሃለሁ። ካልቆሸሸማ አንተንም እኔንም ለምን ይቀጥሩናል?"

ጥበቃው ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላምታ ነሳቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሦስቱ ሰፈሮች ተራቸውን ካገኙ በኋላ ታንከሩ ውስጥ ትንሽ ትርፍ ይቀራል። ይህችን ትርፍ የማይለምን አልነበረም። ሠርግ ያለው ይመጣል፣ ቤት የሚሠራ ይመጣል፣ እንግዳ ያለበት መሥሪያ ቤት ይልካል። አቶ ስንሻው ለማንም አይሰጡም ነበር። አንድ ቀን ግን ከታች ሰፈር ቀብር ተመልሰን የሟቹ ቤት ደጃፍ ቆምን። እጃችን አፈር ነው። አገሩ ከቀብር ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ቤት አይገባም፤ እህልም አይቀምስም። ውኃ ደግሞ የለም። አቶ ስንሻውም እንደኛ እጃቸውን ከልብሳቸው አርቀው፣ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር። በማግስቱ አስጠሩኝ። እኔ የእድሩ ዳኛ ነኝ።

"ዳኛ፣ ከዛሬ ጀምሮ ለቅሶ ያለበት ሰፈር ትርፉን ያገኛል። ከተራ ውጭ የምለቀው ለሞት ብቻ ነው። ሰው ለመሞቱ አንተ ትመሰክራለህ።"

ከተማው መረቃቸው። ሴቶቹ "ሞታችንን አሳመሩልን" አሉ። እኔም ደስ አለኝ፤ ደንብ ሲጠብቅ ደስ የሚለኝ ሰው ነኝ። ሕዝቡ ግን ሕዝብ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞት በዛ። አንዱ መተማ ያለ አጎቱን መርዶ ተቀመጠ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካኑን ሞላ። አጎትዬው በመኸር ሰሊጥ ሸጦ፣ አዲስ ጋቢ ለብሶ ከአውቶቡስ ወረደ። አቶ ስንሻው መንገድ ላይ አገኙትና ቆብ አንሥተው፣ "እንኳን ከሙታን ተለይተው ተነሡ" አሉት። ሰውዬው ምን እንደሆነ ሳይገባው "አሜን" አለ። ከዚያ ወዲህ የሩቅ መርዶ አልመሰክርም አልሁ።

ከዚህ የባሰው ግን የእማሆይ ወለተ ማርያም ነገር ነው። የቫልቩ ጎማ ተበልቶ ኖሮ፣ ተራው ሳይደርስ ታች ሰፈር ውኃ መጣ። ታች ሰፈር ያለ ተራው ውኃ መጣ ማለት ታች ሰፈር ሰው ሞተ ማለት ነው። ጥሩምባ ስለመነፋቱ የጠየቀ የለም። የታመመ ማን አለ ሲባል፣ እማሆይ አሉ፤ በጾሙ ደክመው ተኝተዋል። ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ወደ እማሆይ ቤት ነጎደ። እማሆይ የለቅሶ ድምፅ ሲሰሙ ከመደቡ ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ፤ ከበራቸው ላይም አብረው ማልቀስ ጀመሩ። ቆይተው ነው ለመጠየቅ ያሰቡት።

"ለመሆኑ፣ ልጆቼ፣ ማን ነው የሞተብን?"

አንዷ ደፈር ብላ፣ "እርስዎ ነዎት የተባለው፣ እማሆይ" አለች።

"ማን አለ?"

"ውኃው።"

እማሆይ እንባቸውን ጠረጉ። "እንግዲያው ሳይሄድ እንስራዬን ሙሉልኝ። ስሞት ደግሞ ሌላ ይለቀቅልኛል" አሉ።

ከተማው ሳምንቱን ሲስቅ ከረመ። አቶ ስንሻው ግን ጎማውን እየቀየሩ፣ "ዳኛ፣ ይህ ሕዝብ ከጥሩምባህ ይልቅ ቧንቧዬን ያምናል። መጥፎ ነው" አሉኝ። ለምን መጥፎ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም ነበር።

በጋው እየከረረ ሲሄድ አንድ ጠዋት ገበያ ሰፈር ሰው ሞቶ፣ ለመመስከር ቢሯቸው ተቀምጫለሁ። ሲስተር ትዕግስት ገባች። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ናት፤ ከንፋስ መውጫ የመጣች ልጅ እግር፣ ቁመቷ ከአቶ ስንሻው ብረት ያነሰ።

"አቶ ስንሻው፣ ማዋለጃ ክፍሌ ውስጥ እጄን የምታጠብበት ውኃ የለም" አለች።

"ተራችሁ መቼ ነው?"

"አልፏል። የያዝነውም አልቋል። ምጥ የያዛትን ሴት ተመለሽና በተራሽ ነይ ልበላት?"

"ልጄ፣ ውኃ የሚሰጥ እግዚአብሔር ነው፤ እኔ የምሰጠው..."

"ሰምቻለሁ። የዛሬው ትርፍ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ገበያ ሰፈር ለቅሶ አለ። ዳኛውም ይኸው ለምስክርነት መጥተዋል።"

ልጅቱ ዞራ አየችኝ። ከዚያ እንደ ትሑት ተማሪ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"እሺ፣ እኔም እጠብቃለሁ" አለች።

"ተራሽን?"

"የለም። በዚህ ባልታጠበ እጄ ካዋለድሁ የሚሞት አይጠፋም። ያኔ ዳኛው ይመሰክሩልኛል፤ እርስዎም ውኃ ይልኩልኛል።"

እኔ "አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ያዥ!" አልሁ። ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ስትናገር መስማት አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። አቶ ስንሻው ግን አልተቆጡም። የጠራ ፊታቸው ተለወጠ። የዚያን ቀን ትርፉ ቃል ወደተገባለት ለቅሶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን የሞት ትርፍ ቀረ። ታንከሩ ውስጥ የምትቀረው ሁሉ ጤና ጣቢያው እንድትገባ አደረጉ፤ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ፣ "ትርፏ ወደ አራሶች ሄዳለች" የሚል መልስ ይዞ ይመለስ ጀመር።

የመረቃቸው አፍ ሁሉ ተገለበጠ። ያለ ውኃ የሚቀበር ሰው በበዛ ቁጥር ቁጣው ከረረ። በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ደጀ ሰላሙ አጠገብ ተሰበሰበ። አቶ ስንሻውም አባል ናቸውና መጥተው፣ ብረታቸውን ግድግዳ አስደግፈው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የተነሡት አያ ሙጨ ናቸው፤ በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ።

"እኔ የምጠይቀው አጭር ነገር ነው" አሉ። "ውኃው ለሚወልድ ነው አሉ። ጥሩ። እኔ ከእንግዲህ ልወልድ ነው? አልወልድም። መሞቴ ግን አይቀርም። ታዲያ ይህ ሰው የእኔ ወገን ነው የጠላቴ?"

ጉባኤው በጭብጨባ ተናጋ። አቶ ስንሻው ተነሡ።

"አያ ሙጨ፣ እርስዎን የምንቀብርበት ቀን እጃችን ቢቆሽሽ በቅጠል እንጠርገዋለን። ያቺ ልጅ እጇን በቅጠል ጠርጋ ታዋልድ?"

"እኔን በቅጠል?! ሰማችሁ? እኔን በቅጠል!" አሉ አያ ሙጨ። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልሰማም።

የእድራችን ደንብ የሟችን ክብር ያጓደለ አባል ይሰረዛል ይላል። ደንቡን ያጸደቅነው ሁላችን ነን። እጅ ወጣ፤ እኔም ውሳኔውን አነበብሁ። ዳኛ የሚሾመው የወደደውን ሊያነብ አይደለም።

አቶ ስንሻው ብረታቸውን አነሡ። አልጋ ላይ የዋሉ አሮጊት እናታቸውን ከእስቴ አምጥተው አብረዋቸው ይኖሩ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ለዚህ አገር እንግዳ ናቸው፤ ዘመድ የላቸውም።

"ዳኛ፣ እናቴን ማን ይቀብርልኛል?" አሉኝ።

"የተሰረዘ አባል ቤት ጥሩምባ አይነፋም፤ የእድሩ ዕቃ አይወጣም፤ አባልም አይሄድም" አልሁ። ደንቡ የሚለው ይህን ነው።

"እሺ። እንግዲያው እንዳትሞት እነግራታለሁ" ብለው ወጡ።

ነገሯቸው አልነገሯቸው አላውቅም። በሚያዝያ፣ ምንጩ ክር አክሎ በቀረበት ሰሞን፣ ሴትዮዋ ሞቱ።

ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልወጣም። ጠዋት ሱቄ በር ላይ ሆኜ ሳይ ግን ላይ ሰፈር እየወረደ ነው። ገበያ ሰፈር ሱቁን እየዘጋ ነው። አያ ሙጨ በበቅሎ እየመጡ ነው። ለካ ከተማው ሁሉ አንድ ነገር አስቧል። "አሁን እናየዋለን! ለእናቱ ሲሆን ይለቅ ይሆን?" ብሏል። ያዘነ አልነበረም አልልም፤ የሄደው ግን ሊያይ ነው። እኔም ዳኛ ነኝና፣ ማን እንደሄደ ማወቅ ስላለብኝ ሄድሁ።

ግቢያቸው ውስጥ ቧንቧ አለ። ለቅሶኛው ሁሉ "እግዜር ያጥናዎት" ይልና፣ ጥቂት ቆሞ፣ እንደ ዋዛ ወደዚያ ቧንቧ ይሳባል። አፉን ሊጉመጠመጥ ነው፤ እግሩን አቧራ ነክቶታል፤ ጣቱን እሾህ ወግቶታል። ቧንቧውን ሲከፍት ፉት የሚል አየር ይወጣል። ዘግቶ ይመለሳል። ሌላው ደግሞ በሱ አያምንም፤ ራሱ ይከፍታል። ሰልፍ ሆነ። አያ ሙጨ ከበቅሏቸው ወርደው ከፈቱ፣ ጆሯቸውን ከቧንቧው አፍ አስጠጉ፣ ረጅም ጊዜ አዳመጡ። ሲመለሱ ፊታቸው ያዘነ ሰው ፊት ነበር፤ የእውነት ኀዘን።

አቶ ስንሻው ከበሩ ተቀምጠው ሁሉን ያያሉ። ለያንዳንዱ፣ "አልለቀቅሁም፤ ግን ሞክሩት" ይላሉ።

እንዲህ ሆኖ እኒያ እንግዳ ሴትዮ በከተማችን ካየሁት ቀብር ሁሉ ሰው የበዛበትን ቀብር ተቀበሩ። ለቁጥጥር የመጣ ሰው ሬሳ ሲወጣ ቆሞ ማየት አይችልም፤ ትከሻውን ይሰጣል። አልጋው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ መሬት ሳይነካ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። መምሬ ፍትሐቱን ሙሉ ፈቱ።

ስንመለስ እጃችን አፈር ነው፤ ቧንቧውም ያው አየር ነው። ደጃፉ ላይ ቆምን። አቶ ስንሻው ከጓዳ አንድ ጀሪካን አወጡ። በራሳቸው ተራ ቀድተው፣ የበሽተኛዋን ልብስ ለማጠብ ያስቀመጡት ነው። አሁን የሚታጠብ ልብስ የለም። ጎንበስ ብለው ለያንዳንዳችን ጣታችን ላይ ጠብ ጠብ አደረጉልን። የጀመሩት ከአያ ሙጨ ነው።

"ቅጠል ይሻልዎታል ወይስ ይህ?" አሏቸው።

"ዝም ብለህ አፍስስ፣ ልጄ" አሉ አያ ሙጨ። "ልጄ" ሲሏቸው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

እድሩ በቀጣዩ እሑድ ሲሰበሰብ ትልቅ ጣጣ መጣ። የተሰረዘ አባል ለቅሶ የሄደ አባል እሱም ይሰረዛል፤ ደንብ ነው። ያልሄደ ግን የለም። ደንቡን ብናስከብር እድር የሚባል ነገር አይቀርም፤ የሚሰርዝም የሚሰረዝም አንድ ላይ ያልቃል። ውሳኔውን እንሻር የሚል ሐሳብ አነሣሁ። የለም፣ ተሳስተን ነበር ብሎ ማን ይፈርማል አሉ። አያ ሙጨ ከተቀመጡበት እጃቸውን አወጡ።

"እኔ ለቅሶ አልሄድሁም። ውኃ መለቀቅ አለመለቀቁን ለማየት ነው የሄድሁት። ቁጥጥር ነው" አሉ።

ሁሉም እፎይ አለ። አባላት ለቁጥጥር እንደሄዱ ተቆጥሮ፣ ማንም ሳይቀጣ፣ አቶ ስንሻውም እንደተሰረዙ ይቆዩ ተብሎ ተወሰነ። ብዙ ጉባኤ መርቻለሁ፤ ሰው ጥሩ ሥራ ሠርቶ እንዲህ አጥብቆ ሲክድ ያየሁት ግን በዚያ ብቻ ነው። ልጆቼ፣ ክፉ ሥራን መካድ የተለመደ ነው። ደግ ሥራን የሚያስክደው እልህ ነው፤ ከእልህ ተጠንቀቁ።

ትርፏም ወደ ጤና ጣቢያው መሄዷን ቀጠለች። የአያ ሙጨ የልጅ ልጅ እዚያው ወለደች። ገንፎ ልንበላ ስንሄድ፣ አያ ሙጨ ስለ ውኃ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ውሳኔውን ለአቶ ስንሻው የነገርኋቸው እኔ ነኝ። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "ለቁጥጥር መሄድ ይፈቀዳል ማለት ነው?" አሉኝ።

"ደንቡ አይከለክልም።"

"ጥሩ" አሉ።

ከዚያ ወዲህ በከተማው የሞተ ሰው ሁሉ ቀብር ላይ አይታጡም ነበር። ያ ሰላምታ የነሳቸው የመጸዳጃ ቤቱ ጥበቃ የሞተ ጊዜ እንኳ ከፊት ቆሙ። "የተሰረዙ አይደሉም እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ ሲኖር፣ "ለቁጥጥር ነው የመጣሁት" ይላሉ። ሬሳ ይሸከማሉ፤ ቁጥጥር ነው። ቤተሰቡን ያጽናናሉ፤ ቁጥጥር ነው። እኔ ይህን አልወደድሁትም። ደንብ ሲቀለድበት ያመኛል።

በክረምት ታላቅ ወንድሜ አረፈ። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ነበር። ጉድጓዱ በተቆፈረ ቁጥር ይናዳል፤ ወጣቶቹ ደከሙ። አቶ ስንሻው ሱሪያቸውን ሰብስበው ከሰው መሀል ወጡና ካንዱ እጅ አካፋ ተቀበሉ። አካፋው የእድሩ ነው፤ የተሰረዘ ሰው የእድር ዕቃ አይነካም። ኀዘን ላይ ብሆንም ዳኛ ነኝ። ተጠግቼ፣

"አቶ ስንሻው፣ አካፋው የእድሩ ነው" አልኋቸው።

"አውቃለሁ" አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። "ደኅና አካፋ መሆኑን እየተቆጣጠርሁ ነው።"

መቃብሩ እስኪሞላ ድረስ ተቆጣጠሩት። ደንቡ አካፋ ስለመቆጣጠር የሚለው ነገር የለም።